ዝሆኑና ከሥሩ ያለው ቃል

ማኅተሙ ላይ ዝሆን ቆሟል። ከዝሆኑ ሥር አምስት የላቲን ፊደላት ተደርድረዋል። ወደ እኛ ፊደል ሲመጡ ሁለት ብቻ ይሆናሉ፦ ፉሞ።

ይኸው ነው። ባለማኅተሙ ቃሉን ለማንም ፈትቶ አልሄደም። ከሞተ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል፤ ማኅተሙን ያየ ሁሉ ግን እዚህ ቃል ዘንድ ሲደርስ እግሩ ይያዛል። እኔም ሥዕሉን ባየሁ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ ዝሆኑ ላይ ያርፋል። ዝሆን ዝሆን ነውና አያስቸግርም። ቀጥሎ ወደ ታች ይወርድና ቃሉ ላይ ይቀራል።

ባለማኅተሙ አብራም ጴጥሮቪች ሃኒባል ነው፤ በሩሲያውያን አንደበት ጋኒባል። ወታደርና የምሽግ መሐንዲስ ነበር። በ1762 ጡረታ ሲወጣ ጄኔራል አንሼፍ ከሚባለው ከፍተኛ ማዕረግ ደርሶ ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። በ1781 ከሴንት ፒተርስበርግ ብዙም በማይርቀው በሱይዳ ርስቱ ዐረፈ። እኛ የምናውቀው ግን በልጅ ልጁ ልጅ ነው፤ የአሌክሳንደር ፑሽኪን ቅድመ አያት እንለዋለን። ሳር ቤት ያለው አደባባይ በባለቅኔው ስም ሲጠራ፣ አስመራ ላይም ሐውልት ሲቆምለት፣ ከስሙ ጀርባ ያለው ይህ ሽማግሌ ነው። እሱን የምናነሣው ሁልጊዜ ወደ ባለቅኔው ለመሻገር ነው፤ እንደ ድልድይ። ለዛሬ ድልድዩ ላይ ልቁም።

ቃሉ በላቲን ሲጻፍ የ‘ም’ ድምፅ ሁለት ጊዜ ይታያል። የእኛ ፊደል ይህን አያሳይም። ዋና ብለን ስንጽፍ የውኃ ዋና ይሁን የነገር ዋና፣ ላልቶ ይነበብ ጠብቆ፣ ወረቀቱ አይነግረንም። የሚነግረን ቃሉ ሲባል የሰማ ጆሮ ነው። ቋንቋውን ከእናቱ አፍ የወሰደ ሰው አይሳሳትም፤ ያልሰማ ግን ከፊደሉ ጋር ሲታገል ይኖራል። ባለማኅተሙ ጥብቀቱን ሳይቀር አስፍሮታል። ያን ፊደል ሁለት ጊዜ ጎን ለጎን ያስቀመጠው እጅ፣ ድምፁ እንዳይጠፋበት የሳሳ እጅ ይመስለኛል።

ማኅተሙ ላይ ያለውን ዓርማ የጠየቀው በ1742 ነው። የታላቁ ጴጥሮስ ልጅ ኤልሳቤጥ ዙፋን ላይ ወጥታለች፤ እሱም ሜጀር ጄኔራልና የሬቫል፣ የዛሬዋ ታሊን፣ አዛዥ ሆኗል። ከመኳንንት ወገን መሆኑ እንዲጸድቅለትና ዓርማ እንዲፈቀድለት ሲያመለክት የትውልዱን ነገር በጥቂት መስመር አሰፈረ፦ ከአፍሪካ መምጣቱን፣ ወገኑ የከበረ መሆኑን፣ በአባቱ ግዛት ላጎን በምትባል ከተማ መወለዱን፣ አባቱም ከእርሷ ሌላ ሁለት ከተሞች እንደነበሩት። በዚሁ አበቃ። የአባቱን ስም አልጻፈም። እናቱን አላነሣም። እኛ አገር ዘሩን የሚቆጥር ሰው ከስም ይጀምራል፤ እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌም እገሌን፣ እስከ ሰባት ቤት ድረስ። ይህ ሰው የቆጠረው ከተማ ነው። ሦስት ከተሞች፤ ከሦስቱም ስሟን የጠራው የአንዲቱን ብቻ።

ከዚህ የበለጠ የጻፈው ነበር። ፑሽኪን እንደተወልን ከሆነ፣ ቅድመ አያቱ የሕይወቱን ማስታወሻ በፈረንሳይኛ ጽፎ ነበር። አልፎ አልፎ የሚነሣበት ድንጋጤ ነበረውና፣ አንድ ቀን እሱ ሲይዘው ማስታወሻውን ከሌሎች ውድ ወረቀቶቹ ጋር ዓይኑ እያየ አስቃጠለው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ድንጋጤው ከባዶ የመጣ አይመስለኝም። ጴጥሮስ በ1725 ሞተ፤ በ1727 የቤተ መንግሥቱ ኃያል መንሺኮቭ ይህን የሟቹን ንጉሥ የክርስትና ልጅ ወደ ሳይቤሪያ ሰደደው። መጀመሪያ ቶቦልስክ፣ ቀጥሎ እስከ ቻይና ድንበር፣ እስከ ሰለንጊንስክ። ምሽግ ሥራ ተባለ፤ ግዞት ነበር። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ወረቀት እንደሚመሰክር ያውቃል። ማን ላይ እንደሚመሰክር ግን አስቀድሞ ማወቅ አይችልም። እኛም ይህን እናውቀዋለን። በቀይ ሽብር ዘመን ደብዳቤና ፎቶግራፍ በስንት ቤት ምድጃ ነድዷል፤ ያ ወረቀት ሲጠቁር እያየ በእንጨት የቆሰቆሰ ሰው ዛሬም አለ። በሌሊት ነው የሚቃጠለው። ማንም አይናገርም። ነገ ጠዋት አመዱ ተጠርጎ ይወጣል፤ ከቤተሰቡ ታሪክ ውስጥ አንድ ክፍል፣ በር እንዳልነበረው ሁሉ፣ ግድግዳ ይሆናል።

እንግዲህ ማስታወሻው ነድዷል። ማኅተሙ አልነደደም። አንድ ሙሉ መጽሐፍ ከጠፋበት ቤት የቀረው አንድ ቃል ነው፤ እሱም በባለቤቱ ፈረንሳይኛ ያልሆነ።

የሕፃንነቱ ነገር እንዲህ ነው። ከአባቱ ቤት ተወስዶ ቁስጥንጥንያ ገባ፤ ከዚያ ሳቫ ራጉዚንስኪ በሚባል ነጋዴ አማካይነት በ1704 ሞስኮ ደረሰ። በዓመቱ ቪልኒየስ ላይ ተጠመቀ፤ የክርስትና አባቱ ራሱ ጴጥሮስ ነበር። ይህን የሚያስታውስ ሰሌዳ ዛሬም በቅድስት ጰራስቅዋ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አለ። ስመ ክርስትናውም ጴጥሮስ ተባለ። ልጁ ግን አለቀሰ። አዲሱን ስም አልሸከምም አለ፤ ፑሽኪን ነው ይህን የሚነግረን። የፊተኛው ስሙ ኢብራሂም ስለነበረ አብራም ተባለ፤ እስከ ሞቱም አብራም ሆኖ ኖረ። እኛ ጋ ቢመጣ አብርሃም በሆነ። የንጉሡ ስም ከፊት ተባርሮ ከኋላ ገባ፦ ጴጥሮቪች፣ የጴጥሮስ ልጅ። የወላጅ አባቱ ስም በማመልከቻው እንኳ ያልሰፈረው ሰው፣ በየፊርማው የክርስትና አባቱን እንደ አባት ሲጠራ ኖረ።

ያ የስምንት ወይም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ልቅሶ ከሁሉ በላይ ይይዘኛል። ምንም ማስቀረት አልቻለም። ቤቱን አልቻለም፣ ልብሱን አልቻለም፣ ቋንቋውን አልቻለም። አንድ ነገር ብቻ በእንባ አስመለሰ፤ ሰዎች ሲጠሩት ዞር የሚልበትን ድምፅ።

ከዚያ ወዲያ ቋንቋ በቋንቋ ላይ ነው። ሩሲያኛው የንጉሡ ቤት፣ የሰፈሩና የዘመቻው ቋንቋ ሆነለት። በ1717 ከጴጥሮስ ጋር ወደ ፈረንሳይ ሄደ፤ እዚያው ቀርቶ በፈረንሳይ ጦር ውስጥ ከእስፓኝ ጋር ተዋጋ፣ ጭንቅላቱ ላይ ቆሰለ፣ ቀጥሎም ላፌር ከሚገኘው የመድፈኞች ትምህርት ቤት ገባ። ሒሳቡን፣ ምሕንድስናውን፣ የመድፉን ስሌት ያገኘው በፈረንሳይኛ ነው። በ1723 ሲመለስ ወደ 400 የሚጠጉ መጻሕፍት ይዞ ነበር። ያ ዘመን መንገዱ ጭቃና በረዶ፣ መጓጓዣው ፈረስ ነው፤ ከአፍሪካ ምንም ሳይዝ የወጣ ልጅ ከፓሪስ 400 መጽሐፍ ጭኖ ገባ። በ1726 በጂኦሜትሪና በምሽግ ሥራ ላይ ያዘጋጀውን ሁለት ጥራዝ ለንግሥቲቱ ለቀዳማዊት ካትሪን አበረከተ። ሬቫል ላይ ደግሞ ጀርመንኛ ጠበቀው፤ የከተማው አስተዳደር በጀርመንኛ ነበርና። ጀርመንኛው እስከ ጓዳውም ዘለቀ፤ ሁለተኛ ሚስቱ ክርስቲና ሾበርግ ያደገችው በዚያው ወገን ነው። (የመጀመሪያ ሚስቱ ነገር ሌላ ነው። በግድ የተዳረችለትን ያችን ሴት አሰቃይቷል፣ አስሯታል። ራሱ ከአባቱ ቤት የተወሰደ ሰው በሌላው ላይ እንዲህ መጨከኑ ያሳዝነኛል፤ እሱን ስላከበርኩ አልዘለውም።)

ክርስቲና ብዙ ልጆች ወለደችለት። ከእነሱ አንዱ፣ የፑሽኪን አያት፣ እውነተኛ ስሙ ያኑዋሪ ነበር። እናቱ ግን ስሙ ለጀርመንኛ አንደበቷ ከበዳትና አልጠራም አለች፤ ኦሲፕ አለችው፣ ኦሲፕ ሆኖ ቀረ። የአባት ስም በልጅ እንባ ተረፈ፤ የልጅ ስም በእናት ምላስ ተለወጠ። በዚያ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡትን ሳስባቸው፣ እያንዳንዱ ስም ላይ የአንድ ሰው አፍ ቅርጽ ታትሞ ይታየኛል።

ከእነዚህ ሁሉ ቋንቋዎች በታች ደግሞ አንድ ሌላ ነበር። መጀመሪያ የሰማው። በዚያ ከተማ፣ በዚያ ቤተ መንግሥት፣ በዚያ ጦር ውስጥ አብሮት የሚናገረው ሰው እምብዛም ያልነበረው። ቋንቋ ለብቻ ሲያዝ እንዴት እንደሚሆን በስደት ያሉ ወገኖቻችን ያውቁታል፤ ማንም የማይመልስለት ሰላምታ ቀስ በቀስ ከአፍ ይወርዳል። መጀመሪያ አረፍተ ነገሩ ይሄዳል፣ ከዚያ ግሱ፤ በመጨረሻ የሚቀሩት የዕቃ፣ የምግብ፣ የሰው ስሞች ናቸው። ሰባ ዓመት እንዲህ ቢቀጥል አንድ ቃል ይቀራል ብዬ አስባለሁ። ያን አንዱን ቃል ሰው የት ያስቀምጠዋል? ማስታወሻ ይቃጠላል፣ ሹመት ይነሣል፣ ርስት ይወረሳል። ማኅተም ላይ የተቀረጸ ግን ደብዳቤ በወጣ ቁጥር ደግሞ ይወጣል።

እሱ ከሞተ በኋላ ቤተሰቡ ታሪኩን መሰብሰብ ጀመረ። አማቹ አዳም ሮትኪርሕ የሕይወት ታሪኩን በጀርመንኛ ጻፈ። ይህ ወረቀት ፔትሮቭስኮዬ በሚባል ርስት በሚኖር ልጁ እጅ ተቀመጠ፤ ጴጥሮስ አብራሞቪች ሃኒባል፣ እሱም እንደ አባቱ መድፈኛ፣ በሜጀር ጄኔራልነት ጡረታ የወጣ። የክርስትና ስሙን በእንባ የመለሰው ሕፃን፣ አርጅቶ ያንኑ ስም ለልጁ ሰጠው። ይህ ልጅ ራሱም ስለ አባቱና ስለ ራሱ ማስታወሻ ጀምሮ ነበር፤ ጥቂት ሄዶ ተወው። ሰማንያ ያለፈው ጡረተኛ፣ ከበርች ዛፎች መሐል ባለ ቤት፣ መድፍ ሲያነጣጥር በኖረ እጁ ብዕር ይዞ አባቴ ብሎ ሲጀምር ይታየኛል። ያ አባት ብዙ ቋንቋ ነበረው፤ ልጁ በሩሲያኛ ይፈልገዋል።

በ1825 ፑሽኪን ግዞት ላይ ነው፤ ከዚሁ ርስት አጠገብ፣ ኤልሳቤጥ ለቅድመ አያቱ በሰጠችው መሬት ላይ፣ ሚኻይሎቭስኮዬ። ነሐሴ ላይ ለአንዲት ጎረቤት ወይዘሮ በጻፈው ደብዳቤ ይህን ሽማግሌ ሊጠይቅ እንዳሰበ ነገራት፤ ዛሬ ነገ ሊሞት ይችላል፣ ስለ ቅድመ አያቴ ያለውን ማስታወሻ ሳላገኝ አይሁን የሚል ሐሳብ ነበረው። እንዳለውም ሽማግሌው በዓመቱ ሞተ። ወረቀቱ ግን ወደ ባለቅኔው እጅ ተሻግሯል። ከደብዳቤው ሁለት ዓመት በኋላ ፑሽኪን ስለ ታላቁ ጴጥሮስ ጥቁር ልብ ወለድ ጀመረ፤ እሱንም አልጨረሰውም። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ የዚህ ሰው ታሪክ ተጀምሮ አይጨረስም፤ ወይ ይቃጠላል፣ ወይ ይቋረጣል።

እሳቱም ተመልሶ መጣ። ፑሽኪን በ1821 የራሱን የሕይወት ታሪክ መጻፍ ጀምሮ ነበር። በ1825 መጨረሻ በንጉሡ ላይ የተነሡት መኮንኖች ሤራ ሲወጣ፣ በማስታወሻው የብዙ ሰው ስም ነበረበትና አቃጠለው። ይህን የነገረን የቅድመ አያቱን ወረቀት መቃጠል በነገረን በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ነው። ሁለቱን እሳቶች በአንድ ጽሑፍ አኑሯቸዋል፤ አላነጻጸራቸውም፣ ምንም አላለም። አነበብኩት፣ ዝምታውን አደመጥኩት፣ ደግሜ አነበብኩት።

ቃሉን ሊፈቱ የሞከሩ አሉ። በ1899 ዲሚትሪ አኑቺን የተባለ ሩሲያዊ ምሁር ላጎንን ከመረብ ወንዝ አጠገብ ካለው ሎጎ ጋር አያያዘው፤ ፑሽኪንን ወደ እኛ ያመጣው ይህ መንገድ ነው፤ የጀርመንኛውም ጽሑፍ ሐበሻ ብሎት ነበር። በ1996 ደግሞ የቤኒኑ ተወላጅ ዲዩዶኔ ኛማንኩ ላጎን በዛሬው ካሜሩን፣ ከቻድ ሐይቅ በስተደቡብ ያለችው ሎጎን ቢርኒ ናት ብሎ ተከራከረ፤ በዚያ አገር በኮቶኮ ቋንቋ ፉሞ ማለት አገር ማለት ነው ይባላል። ሌሎች ደግሞ ቃል አይደለም፣ የላቲን አነጋገር መነሻ ፊደላት ነው ይላሉ፦ ፎርቱና ቪታም ሜአም ሙታቪት ኦምኒኖ፤ ዕጣ ሕይወቴን ፈጽሞ ለወጠችው እንደማለት። በቀድሞው የላቲን አጻጻፍ ‘ኡ’ እና ‘ቭ’ አንድ ምልክት ናቸው። ያችው ሁለተኛዋ ፊደል ‘ኡ’ ስትሆን ቃሉ አገር ይሆናል፤ ‘ቭ’ ስትሆን ሕይወት የሚለው የላቲን ቃል መነሻ ትሆናለች። በአንዲት ሹል ፊደል ላይ አገርና ሕይወት ተደራርበው ቆመዋል።

እኔ መረብ ቢሆን እወዳለሁ። ይህን ከመደበቅ መናገር ይሻለኛል። ነገር ግን የሎጎን ቢርኒው ክርክር ይበልጥ ያሳምነኛል፤ ፍቅሬም በዚህ አልቀነሰም። ካሜሩናዊም ይሁን የመረብ ልጅ፣ ቃሉ መጀመሪያ የተነገረው አንዲት ሴት ለአንድ ሕፃን ባወራችበት ቤት ነው።

አንድ ሌላ ነገር ቀርቶለት ነበር። ፑሽኪን በ1825 የቭጌኒ ኦኔጊን ለተባለው ድርሰቱ የመጀመሪያ ምዕራፍ በጻፈው ማስታወሻ፣ ሽማግሌው አፍሪካን እስከ እርጅናው ያስታውስ እንደነበር ነግሮናል። አባቱን፣ አሥራ ዘጠኝ ወንድሞቹን፣ እነሱ እጃቸው ወደ ኋላ ታስሮ ወደ አባታቸው ሲቀርቡ እሱ ታናሹ ብቻ ሳይታሰር በአባቱ ቤት ፏፏቴዎች ሥር ሲዋኝ። የሚወዳት እኅቱንም። መርከቡ ሲወስደው ከሩቅ እየዋኘች ተከተለችው። ስሟ ላጋን ነበር።

ከተማዋ ላጎን፣ እኅቲቱ ላጋን። በእኛ ፊደል የሚለያቸው አንዱ ሳብዕ አንዱ ራብዕ መሆኑ ነው። ሕፃኑ ሁለቱን ቀላቅሎ ይሆን? ወይስ ልጅቱ በከተማዋ ስም ትጠራ ነበር? ወይስ በሰባ ዓመት ውስጥ አንደኛዋ ወደ ሌላዋ ፈስሳ፣ አገር ሲል እኅቱን፣ እኅቱን ሲል አገር ይታየው ጀመር? ውኃው ላይ የቀረችው ራስ እየራቀች፣ እያነሰች፣ ነጥብ እየሆነች ትሄዳለች። እሱ ከመርከቡ ላይ ያያል። ጮኻ መሆን አለበት ብዬ አስባለሁ። ከጮኸችም በዚያ ቋንቋ ነው።

ሱይዳ ላይ ክረምት ነው እንበል። ሽማግሌው ጄኔራል ጠረጴዛ ዘንድ ተቀምጧል። ደብዳቤውን በፈረንሳይኛ ጽፏል፣ ወይም በሩሲያኛ፤ አጥፎታል። ሰሙን ሻማው ላይ ያቀልጣል፣ ወረቀቱ ላይ ያንጠባጥባል፣ ማኅተሙን ይጫናል። ማኅተም ላይ ፊደል የሚቀረጸው ተገልብጦ ነው፤ ሰሙ ላይ ሲያርፍ ብቻ ይቀናል። ሲያነሣው ዝሆኑ ወጥቷል። ቃሉም ወጥቷል፤ ገና ትኩስ፣ ገና እርጥብ። ፉ ለማለት ከንፈር ይሾላል፣ ትንፋሽ ይወጣል፤ በሁለቱ ‘ም’ ከንፈር ይገጥማል፣ ገጥሞም ይቆያል፤ በመጨረሻ ተከፍቶ ክብ ይሆናል። ጎንበስ ይላል። ሰሙ እንዲጠነክር ቀስ ብሎ እፍ ይልበታል።